ሀቃ የሚል ወረቀት

ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጋሽ ሸምሱ፣ ጡረታ ወጡ አሉ» ይለኛል። ጡረታ የሚወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እኔ ሱቄን ዘጋሁ፤ አበቃ። ለምን ዘጋህ ሲሉኝ ስልክ ገደለን እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ዛሬ ዘፈን ሊያስጭን እኔ ዘንድ የሚመጣ ማን አለ? ሁሉም ኪሱ ውስጥ አለው። ግን እኔን ስልክ አልዘጋኝም። የዘጋችኝ ሁለት ጣት የማትሞላ ወረቀት ናት፤ በገዛ እጄ የጻፍኳት።

ልጄ ዘይነባ «አባዬ፣ አንተ ንገረኝና እኔ ልጻፈው» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። አውቃታለሁ፣ ታሳምረዋለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው። ቢሆንም የራሴ ጭረት ነው፤ ያጠፋሁትም በእሱ ስለሆነ በእሱ ልናዘዝ።

አባቴ ከስልጤ አገር ጨርቅ ተሸክሞ አሰላ ገባ፣ እኔ እዚሁ ተወለድኩ። ቤት ውስጥ ስልጥኛ፣ መንገድ ላይ ኦሮምኛ፣ ገበያ አማርኛ። ሦስት ቋንቋ እናገራለሁ፣ በአንዱም አጣርቼ አልጽፍም። ይህንን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሥራ ያስተማሩኝ አቶ ደምሴ ናቸው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፣ በኋላ ካሴት የሚገለብጥ ሙዚቃ ቤት ከፈቱ። ቀጭን፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ እንኳ አንድ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ የሚያዞሩ ሰው ነበሩ። እጄን ሳልታጠብ ካሴት ከነካሁ አይናገሩኝም፤ ካሴቱን ከእጄ ወስደው ያስቀምጡና ወደ ውኃው በአገጫቸው ያሳዩኛል። የቴፑን ራስ ጠዋት ጠዋት አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርጉታል። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ «አየህ፣ ይህ ሁሉ የሰው ድምፅ ነው፤ ተፍቆ የቀረ» ይላሉ።

ሦስት ነገር አስተማሩኝ። አንደኛው፣ ማንኛውንም ነገር ስትቀበልም፣ ስትነካም፣ ስትመልስም ስማው የሚለው ነው። መጀመሪያውን፣ መሐሉን፣ መጨረሻውን። ሙሉውን መስማት ጊዜ ይፈጃል፤ ሦስት ቦታ ከሰማህ ግን ያ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ታውቃለህ።

ሁለተኛው ስለ ጠቅታ ነው። አንድ ቀን የሠርግ ካሴት ስገለብጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቴፑ ተበላሽቷል ብዬ ፈታሁት። አቶ ደምሴ መጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «የቴፕ ጠቅታ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ መንኮራኩር ነዋ። ይኼ ግን ቃል ሊወጣ ሲል ብቻ ነው የሚመጣው። ይኼ ምላስ ነው። አፉ የደረቀ ሰው ምላሱ ከላንቃው ሲላቀቅ እንዲህ ይላል።»

«ለምን ይደርቃል?» አልኳቸው።

«ሙሽራይቱ ናት። ፈርታለች። ፈሪ ሰው ምራቅ የለውም።»

ሦስተኛው ስለ ወረቀት ነው። ሰው ትቶት የሚሄደውን ዕቃ ሁሉ ስሙንና የፈለገውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በላስቲክ አስርበታለሁ። «የደንበኛውን ቃል ጻፍ» ይሉኝ ነበር። «ያንተን ቃል አትጻፍ። እሱ ‹አጥቁረው› ካለ አንተ ‹ወፍራም ድምፅ ጨምር› ብለህ አትጻፍ። ሲመለስ የሚጠይቅህ በራሱ ቃል ነው።» እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ አደረግኩ። በኦሮምኛ ያለኝን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ያለኝን በአማርኛ። ግን ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ቁቤን፣ አልተማርኩም፤ ሁሉንም የምጽፈው በማውቃት በዚችው በአማርኛ ፊደል ነው።

አቶ ደምሴ ከሞቱ በኋላ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ሠራተኛ አደረጉኝ። ደመወዙ ምንም አይወራለትም። እዚያ የተማርኩት ፍርሃትን ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ መዝሙሩ መሐል ላይ ካሴቱ ተበላ። ሜዳው ሁሉ ዝም አለ። የሊቀ መንበሩ አንገት ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ቴፑ ካሴት ሲበላ ሰው ሆነ ብሎ ያደረገው ይመስለዋል። ካሴቱን በእርሳስ ጠቅልዬ እስክመልሰው ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። በኋላ ባህል ቤት ድምፅ ላይ ሠራሁ፤ እዚያም አለቃው ዘፈን ከመለቀቁ በፊት ግጥሙን በወረቀት አምጣ የሚል ሰው ነበር። ግጥም ጽፌ አመጣለሁ፣ ፊደሌን አይቶ ይስቅና ሳያነብ ይፈርማል። እንዲያ ነበር የሚያልፈው።

ከዚያ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ካሴቱ ሲሞት ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ሳያረጅ ኤም ፒ ስሪ መጣች። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል። የሱቅ ሙሉ ካሴት በሆዷ ይገባል ሲሉኝ የፌዝ መሰለኝ። ኮምፒውተር ገዛሁ። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ቁልፎቹን በቦታቸው ነው የማውቃቸው። ማጫወቻው ፕሮግራም ላይ ከላይ በግራ ያለው ይከፍታል፣ ቀይዋ ትዘጋለች፣ ማሽኑ ሁለት ሳጥን አውጥቶ ሲጠይቀኝ ግራው «አዎ» ነው። በዚህ ስንት ዓመት ሠራሁ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘፈን ሁሉ እኩል አይጮኽም፤ አንዱ ያንሾካሹካል፣ ቀጣዩ ጆሮ ይቀድዳል። አንድ በአንድ እኩል አደርጋቸው ነበር። አንድ ጆሮው ብቻ የሚሠራ ማዳመጫ ላለው ሰው የግራና የቀኙን ድምፅ ወደ አንድ አመጣለሁ፤ አለበለዚያ ክራሩ ይሰማና ዘፋኙ ይጠፋበታል። ለኮምባይነር ነጂዎች ወፍራሙን ቀንሼ መሐለኛውን አወጣለሁ፤ ወፍራሙን ሞተሩ ይበላዋል። በስንዴ አጨዳ ጊዜ ከዲክሲስ፣ ከሲሬ፣ ከዴራ ሳይቀር «የሸምሱ ጭነት» እያሉ ይመጡ ነበር። ይህን ያህል ልኩራራ፤ ከዚህ በኋላ የሚያኮራ የለም።

ኦቦ ሁሴን የዲክሲስ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጡም፣ ስንገናኝ እንቀላለዳለን። «ይህ ስልጤ ዘፈን እየሸጠ ጀነት ሊገባ ነው» ይሉኛል። «እርስዎ ጠብ እየሸጡ ከገቡ እኔ ምን አገደኝ» እላቸዋለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ ገቡ። ጥቁር ኤም ፒ ስሪ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ድምፅ የምትቀዳ ዓይነት ናት። ፊታቸው ቀልድ የለውም።

«ኩን ሀቃ» አሉኝ። ይኼ ሀቃ ነው ማለታቸው ነው። ኦሮምኛ «ሀቃ» ሲል እውነት፣ መብት፣ ፍርድ ማለቱ ነው፤ ከዓረብኛው የመጣ። «ጠብቅልኝ። ለማን እንደሚላክ ሳምንት መጥቼ እነግርሃለሁ። ያን ጊዜ ትገለብጥልኛለህ። ባለቤቴ ደግሞ ዕቃዋ ላይ ባዶ ቦታ ካለ መንዙማ ጨምርበት ብላለች።»

ማዳመጫ ሰክቼ ሰማሁ። መጀመሪያው ምርቃት ነው፣ ሽማግሌ በኦሮምኛ ሲመርቅ። መሐሉ ብዙ ሰው ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ሽማግሌ አንዲት ሴት ይጠይቃታል፣ አትመልስም። ደግሞ ይጠይቃታል፣ አትመልስም። በሦስተኛው ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ከዚያ «ቶሌ» አለች። እሺ ማለት ነው። ጠቅታው የዕቃው ብልሽት እንዳይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ብልሽት አልነበረም። ምላስ ነበር።

ከጀርባቸው ሰው ይገፋፋል። ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሁሴን። ሀቃ። መንዙማ።» ብዬ ጽፌ በላስቲክ አሰርኩት። የደንበኛውን ቃል ነው የጻፍኩት፣ እንደተማርኩት።

በማግስቱ ታመምኩ። ሳምባዬ ነው፣ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ኦቦ ሁሴን ባሉት ቀን መጥተው ሱቁ ዝግ ሆኖባቸው ተመለሱ። ድኜ ስመጣ መሳቢያው ውስጥ አሥር የሚሆኑ ጥቁር፣ አንድ ዓይነት ዕቃዎች ተደርድረው ይጠብቁኛል። ጆሮዬ በሕመሙ ተደፍኖ ስለነበር ማዳመጫ መሰካት አስጠላኝ። ወረቀት ወረቀቱን እያነበብኩ ልጨርስ አልኩ።

«ሁሴን። ሀቃ። መንዙማ።»

እዚህ ላይ ኦሮምኛ የማይችል ሰው እንዲገባው ልንገር። ኦሮምኛ ላይ «ደምስስ» ለማለት «ሀቂ» ትላለህ። በአክብሮት፣ ለትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ «ሀቃ» ትላለህ፤ መጨረሻዋን ትጎትታታለህ፣ ሀቃአ። በቁቤ ሁለቱ ቃላት አይመሳሰሉም፤ አንዷ በአንድ «a» ታልቃለች፣ ሌላዋ በሁለት። በአማርኛ ፊደል ግን እውነትም «ሀቃ»፣ ደምስሱም «ሀቃ»። ፊደላችን አያስረዝምም። ደግሞ ሰው ሁሉ እኔን በአክብሮት ነው የሚያዘኝ። በቀን አሥር ጊዜ ሀቃአ፣ መንዙማ ጫኑልኝ፤ ሀቃአ፣ አዲሱን ጫኑልኝ ይሉኛል።

የትኛው ሁሴን እንደሆነም በበሽታው ረስቼ፣ ደምስሱና መንዙማ ጫኑልኝ ብዬ አነበብኩት።

ማሽኑ ሁለት ሳጥን አወጣ። ማሽን እንኳ ይጠይቃል። ግራውን ነካሁ። ባዶ ሆነ። እስከ አፉ መንዙማ ሞላሁበት። ጥሩ አድርጌ እኩል አደረግኩት፣ መጀመሪያውን፣ መሐሉን፣ መጨረሻውን በኮምፒውተሩ ማጉያ ሰማሁ። የሰማሁት የጫንኩትን ነው። የነበረውን አልሰማሁም።

ኦቦ ሁሴን በሁለተኛው ቀን መጡ። «አላህ ማረህ፣ ተመስገን» አሉኝ። «በል አሁን ሀቃውን ሁለት ቦታ ገልብጥልኝ።»

«ምኑን?»

«ሀቃውን ነዋ። የሴትየዋን፣ የአዴ መኪያን።»

ያን ጊዜ ያቺ ጠቅታ ጆሮዬ ውስጥ መጣች። ዕቃዋን አውጥቼ ሰካሁ፣ መንዙማ። ቀጣዩ፣ መንዙማ። ቀጣዩ፣ መንዙማ። ኦቦ ሁሴን መጀመሪያ የሚቀልድ ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። ከዚያ ወንበሩን ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ በስተርጅና የሚወድቅ ሰው እንደሚቀመጥ።

«ሸምሱ» አሉ፣ «ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር፤ ነገሩኝ። በአጨዳ ጊዜ ኮምባይነር የሁለት ቤተሰብ ድንበር አልፎ አንድ ትልም ስንዴ በልቶ ነበር። በእሱ ተጣሉ፤ የአዴ መኪያ ባል በዱላ ተመቶ ሞተ። ገዳዩ ታሠረ። ሽማግሌ ገባ፣ የደም ካሳው ጉማ ተከፈለ፣ ከሁሉ በላይ አዴ መኪያ በራሷ አፍ «ቶሌ» ብላ ደሙን ዘጋችው። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ልጇ ጀማል። ዓረብ አገር ነው። «እናቴን አስፈራርታችሁ ነው፤ በገዛ አፏ ስትል ካልሰማሁ እርቁን አላውቅም» ብሎ ልኳል። ስልክ አይሆንም ብለው ሽማግሌዎቹ በዚያች ዕቃ የቀዱት ስልኩ መሐል ላይ እንዳይጮኽ፣ ደግሞም እንደ ስልክ በአንድ ቀን አገር ሁሉ እንዳይቀባበላት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ነበረች። ልጁ ደግሞ መልስ በማጣቱ ተቆጥቶ በወሩ መጨረሻ ይመጣል።

«ሲመጣ ምን እንለዋለን?» አሉኝ። «‹ተደመሰሰ› እንበለው? ማን አስደመሰሰው አይልም? የገዳዩ ወገን ስልጤውን ገዙት አይልም?»

የሚመለስ ከሆነ ብዬ በከተማው ኮምፒውተር የምታስተምር፣ እንግሊዝኛ የምታነብ ሴት ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሁለት ቀን ሞከረች። «ጋሼ፣ መደምሰሱ ባልከፋ» አለችኝ፣ «የፋይሉ ስም ነው የሚጠፋው፣ ድምፁ ሥር ይቆያል። እርስዎ ግን እላዩ ላይ መንዙማ አተሙበት።» ያገኘችው የምርቃቱን ጫፍና የብዙ ሰው ጉርምርምታ ነው። አዴ መኪያ የለችም።

ሚስቴ «ዝም በል፣ ተበላሽቷል በላቸው፤ ዕቃ ይበላሻል» አለችኝ። እውነት ለመናገር ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ግን ተበላሸ ያልኩት ዕቃ መንዙማ እያጫወተ እንዴት ብዬ? ደግሞ ሽንቴ እስኪመጣ እየፈራሁም ቢሆን ውሸት አይሆንልኝም፤ ግትር ነኝ ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

ከኦቦ ሁሴን ጋር ሚኒባስ ይዘን ዲክሲስ ሄድን። ሁለቱም ወገን ተጠርቶ ተቀምጧል፤ የሟች በአንድ ጎን፣ የገዳይ በሌላ ጎን፣ መሐሉ ላይ ሰው የማይረግጠው ሣር። ቆሜ እንደሆነው ተናገርኩ። ወረቀቷንም አሳየሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች።

ከሟች ወገን አንዱ ብድግ አለ። «ማን ላከህ?»

«እጄ ነው የላከኝ» አልኩ። «ማንም አልላከኝም።»

«በአንዲት ፊደል?» አለ ሌላው። «ሰውዬ፣ በአንዲት ፊደል ሁለት ዘር ልታጨራርስ?»

ከኋላ አንድ አዛውንት «ኦሮምኛችንን በአማርኛ ጽፎ ነው የገደለን፤ ድሮም ጠርጥሬያለሁ» ሲሉ አንዳንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የገዳዩ አጎት ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ፈርቷል። ጥፋተኛው እኔ፣ ሊሞት የሚችለው ደግሞ የእሱ ልጆች።

ኦቦ ሁሴን ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «አዴ መኪያ፣ ይህ ሰው ያጠፋው በስህተት ነው። ያንን ቃል አንዴ ደግመው ቢሉልን፣ እንቀዳዋለን።»

አዴ መኪያን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። አጭር ናት፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። «አይሆንም» አለች።

«ለእርቁ ሲባል...»

«አንዴ ብያለሁ። ያቺን ቃል ስል ከውስጤ ምን ይዛ እንደወጣች እናንተ አታውቁም። ሁለተኛ የምለው የለኝም። ሁለተኛ ካላችሁኝ ያንንም አንደኛውን እመልሳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና ፈረዱብኝ፤ ቅጣት አይደለም፣ ከቅጣት የባሰ ነው። ጀማል ሲመጣ ወደ እኔ ይልኩታል። እኔ ራሴ፣ በአፌ፣ ምን እንደሰማሁ እነግረዋለሁ።

እስኪመጣ ሱቁን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሥራ አልሠራሁም። ዓረብ አገር የከረመ የሚመስል ወጣት በበሩ ባለፈ ቁጥር እሱ ይሆን እላለሁ። ከበሩ ፊት ለፊት እቀመጥ የነበርኩት ሰውዬ ወንበሬን ወደ ግድግዳው ጥግ አዞርኩ። ሚስቴ «ወደ እህትህ ሂድ፣ ዴራ ክረም» አለችኝ። አልሄድም አልኩ። ከሄድኩ ተገዝቶ ሸሸ ይሉኛል፤ ያ ደግሞ የእኔን ስም ብቻ አይደለም የሚያጠፋው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው በሩን ይሞላል። ሰላም አለኝ፣ ገባ፣ በሩን ከኋላው ገጠመው። አልቆለፈውም። ያንን አስተውያለሁ።

«ጋሽ ሸምሱ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ጀማል ነኝ። የመኪያ ልጅ።» ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ትልልቅ እጅ ነው። «አጠፉት?»

«አጠፋሁት። በስህተት ነው። ወረቀቱ...»

«የወረቀቱን ነግረውኛል። ሞኝነት ነው፣ ውሸት ቢሆን ከዚህ የተሻለ ይፈጥሩ ነበር።» «ከማጥፋትዎ በፊት ሰምተዋል?»

«በተቀበልኩት ዕለት ሰምቻለሁ። መጨረሻውን ሦስት ጊዜ።»

«ምን አለች?»

«ሁለት ጊዜ ዝም አለች። በሦስተኛው ‹ቶሌ› አለች።»

«ሌላ?»

«ሌላ ቃል የለም።»

ወደ ፊት ዘንበል አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲያደርግ ነው የባሰ የሚያስፈራው። «እርስዎ ዕድሜዎን ድምፅ ሲሰሙ ነው የኖሩት አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እናቴ ስትናገር ፈርታ ነበር?»

መንገድ ላይ ሰው ያልፋል። አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ። አፌ ውስጥ ምራቅ እንደሌለ ያወቅኩት መልስ ልሰጥ ስል ነው፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተላቃ ጠቅ አለች። እሱም ሰማት መሰለኝ።

አልፈራችም ብዬ ብመልስለት ይበርዳል ብዬ አሰብኩ። ሰላም ይሆናል። የገዳዩ አጎት ልጆች ይተርፋሉ። እኔም እተርፋለሁ። ፈርታለች ካልኩት ግን አስገድደዋታል ይልና እዚያው ተነሥቶ ይሄዳል። የሚሄድበትን ደግሞ አውቃለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጭንቅላቴ ውስጥ አለፈ።

«ፈርታ ነበር» አልኩት።

አልተንቀሳቀሰም።

«አፏ ደርቆ ነበር» አልኩ። «ከቃሉ በፊት ምላሷ ጠቅ ብላለች። የዕቃ ብልሽት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ የመለስኩትም ለዚያ ነው። ብልሽት አይደለም። የፈራ ሰው አፍ ነው።»

«ማንን ፈርታ?»

«ያንን ድምፅ አይናገርም። ድምፅ መፍራቷን ይናገራል፤ ማንን እንደፈራች አይናገርም። አውቃለሁ ካልኩህ ዋሸሁህ። እሷን ጠይቃት።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተነሣ። በሩን ከፈተ፣ ዞር ብሎም «እርስዎ ይህን እንደሚነግሩኝ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ?» አለ።

«አያውቁም። ቢያውቁ አይልኩህም ነበር።»

ሄደ። ሰው ገደልኩ አልኩ። አንድ ጊዜ በፊደል፣ ሁለተኛ በአፌ። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ ከማግስቱ ወዲያም ከዲክሲስ የሚመጣ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ወሬ ይዞ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ኦቦ ሁሴን ስልክ ቢደውሉ አላነሣም አልኩ፤ አልደወሉም። ያ ደግሞ የባሰ።

በሳምንቱ አዴ መኪያ ራሷ ሱቄ ድረስ መጣች። ብቻዋን። ያንኑ ሻሿን አድርጋ። ብድግ ስል «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

«ጀማልስ?» አልኳት። ሌላ ነገር ለመጠየቅ አቅም አልነበረኝም።

«ቤት ነው ያለው። የአባቱን ማሳ እያረሰ ነው።» ተቀመጠች፣ የመንገዱን አቧራ ከቀሚሷ አራገፈች። «ከእርስዎ ዘንድ እንደመጣ ሳይቀመጥ ነው የጠየቀኝ። ‹እናቴ፣ ያን ቀን ፈርተሽ ነበር?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ፈርቼ ነበር አልኩት። ‹ማንን?› አለኝ። ‹አንተን› አልኩት። አባትህን አንዴ ቀበርኩ። እምቢ ካልኩ አንተ ትመጣና ትገድላለህ፣ ወይ ይገድሉሃል፤ እሺ ካልኩ ደግሞ የአባቴን ደም ሸጠች ብለህ ዕድሜህን ሙሉ ፊትህን ታዞርብኛለህ። እንደዚያ ፈርቼ ነው ቶሌ ያልኩት አልኩት።»

«እሱስ?»

«ቁጭ አለ። አለቀሰ፤ ከአባቱ ሞት ወዲህ አላለቀሰም ነበር።» ሻሿን አስተካከለች። «እርስዎ ጋ ከመምጣቱ በፊት የሽማግሌውን ሁሉ፣ የጎረቤቱን ሁሉ፣ የእህቴን ሳይቀር ቤት ዞሮ ይህንኑ ጠይቋል። ሁሉም ‹ኧረ ደስ ብሏት ነው፣ በፈቃዷ ነው፣ ፊቷ በርቶ ነበር› አሉት። ያ ነው ያናደደው። እናቱን ያውቃል፤ ባሏ ተገድሎ ፊቷ እንደማይበራ ያውቃል። እርስዎ ብቻ ነዎት ፈርታ ነበር ያሉት። ከእርስዎ ቀጥሎ እኔ። ‹ሁለታችሁ ሳትመካከሩ አንድ ነገር ካላችሁ እውነቱ ይኼ ነው፤ እርቁን አውቄዋለሁ፣ ቅጂም አልፈልግም› አለኝ።»

እሷን ሸኝቼ ያቺን ወረቀት ኪሴ ከተትኩና ሱቄን ቆለፍኩ፤ ሳይሰማ የሚደመስስ እጅ ከዚያ ወዲህ የሰው ድምፅ በአደራ አይቀበልም ብዬ አልከፈትኩትም።